«ሂን ዱፋ» ብላ ነበር

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኳትም። ረቡዕ ረቡዕ አብረን ለምንጸልይ ሴቶች አልነገርኳቸውም፤ እዚያ እኮ ባሏን የሰደበችበትን ሳይቀር የምታወራ አለች። ኦርቶዶክስ ብሆን የንስሐ አባት ይኖረኝ ነበር፤ ሰምቶኝ፣ ስግደት አዝዞኝ፣ ቀሎኝ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ የነፍስ አባት የለኝም። እንግዲህ ይህን የምታነቡ ለዛሬ እናንተ ሁኑልኝ። ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ለቅሶ የምትጠብቁ ከሆነ እዚሁ ብትተዉት ይሻላል። አላለቅስም።

ስህተት አልሠራሁም። ይቺን ያዙልኝ። አምቦ ውስጥ መረብ ኳስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ያንን ቀን «የቋንቋ ስህተት» ይለዋል፣ ይስቅበታልም። ምንም ስህተት የለም። እኔ አውቄ ያደረግሁት ነው።

ሥራዬ በዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ነው። የመጣ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለኝ አንድ ነገር ቡድናችን ነበር፤ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ጸሐፊ፣ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ፣ በጠቅላላው አሥራ አራት ሴቶች። የሚከፈለን ነገር የለም፤ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ተገናኝተን መረብ ኳስ እንጫወታለን፣ አንዳንዴም ከሌላ ከተማ ሴቶች ጋር እንጋጠማለን። አሥራ አራት ሴት በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ማሰባሰብ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። የአንዷ ልጅ ይታመማል፤ አንዷ ለቅሶ ቤት አለባት፤ አንዷ ደግሞ «ደርሻለሁ» እያለች ገና ቤቷ ፀጉሯን እየተሠራች ነው። ያንን ሁሉ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ።

በዚያን ሰሞን ዳታ ተዘግቶ ስለነበር ነገራችን ሁሉ በቴክስት ነበር። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ለእያንዳንዷ እልካለሁ፤ እስከ ዓርብ ይመልሱልኛል፤ የሚመጡትን ለአሰልጣኙ እነግራለሁ። እኔ ስልክ ላይ «እመጣለሁ» ያላለች ሴት፣ ሜዳ ላይ የለችም ማለት ነው። ይህን ሥልጣን የሰጠኝ የለም። ሌላ የሚፈልገው ስላልነበረ እኔ ጋ ቀረ።

ሜዳ ላይ ደግሞ አቀባይ ነበርኩ። ሁለተኛዋን ኳስ ተቀብላ ለመቺዋ ከመረቡ በላይ የምታነሳላት ማለት ነው። መቺ ብዙ ነው፤ አቀባይ ግን ለአንድ ቡድን አንዷ ትበቃለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ያቺ አንዷ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ለሊሴ መጣች።

ለሊሴ ያኔ ጎጆ በምትባል ከተማ የተመደበች ነርስ ነበረች። ባሏ አምቦ አስተማሪ ነው፤ ሁለት ዓመት የሞላት ልጃቸው ከአያቷ፣ ከባሏ እናት ጋር አምቦ ትኖር ነበር። ልጅቷን ጎጆ ወስዳ እንዳታኖራት ብርዱ አለ፣ የማታ ተረኝነት አለ፣ የሚይዝላት ሰው የለም። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያንን መንገድ ተንገጫግጫ ጊንጪ ትወርዳለች፣ ከዚያ አምቦ ትገባለች፤ እሑድ ከልጇ እቅፍ ወጥታ ትመለሳለች። ተማሪ ቤት እያለች ትጫወት ነበርና ባሏ ነው ወደ እኛ የላካት።

እጇን ባየሁ በመጀመሪያው ቀን ገባኝ። እኔ ሳነሳ ኳሷ ጣቴ ላይ ቷ ትላለች። እሷ ስታነሳ ድምፅ የለም። መቺዎቹ ወዲያው ወደዷት። እኔም ወደድኳት፤ ይህን አልክድም። ደግ ናት፣ ሳቂታ ናት፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ በፊት «ጠጪ» ትለኛለች። ይህን የምነግራችሁ ክፉ ሰው ነበረች ብላችሁ እንዳታግዙኝ ነው።

የዚያን ዓመት የዞኑን ቡድን የሚመርጡ ሰዎች መጥተው እንጭኒ ከተማ ላይ ጨዋታችንን እንደሚያዩ ተነገረን። ከአምቦ ውጭ የምትሠራ ሴት ከተመረጠች፣ ለልምምድ እንዲመች ተብሎ ወደ አምቦ ትዛወራለች ተባለ። ዝውውር! የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ልቡ ምን እንደሚል ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለሊሴ ያን ቀን ሜዳው ዳር አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። «አስቴር ኮ» አለችኝ፣ አስቴር የኔ ማለቷ ነው፤ «ለልጄ እናት ልሆንላት ነው።» ጀርባዋን መታ መታ አደረግኋት። አሜን አልኩ። አፌ አሜን ሲል ልቤ ሌላ ነገር ይቆጥር ነበር፤ አቀባይ የሚመርጡት አንድ ነው።

ኦቦ ጀማል፣ አሰልጣኛችን፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ረቡዕ ለብቻዬ ጠሩኝና «ቅዳሜ ለሊሴ ትጀምራለች፤ አንቺ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ» አሉኝ። ተዘጋጅተሽ ጠብቂ! ሰባት ዓመት ኳሱን ስነፋ፣ መረቡን ስጠግን፣ ሰው ስሰበስብ ኖሬ፣ መራጭ በመጣ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ ልጠብቅ? «እሺ» አልኩ። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ መዝገብ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምለው እሱን ነው።

ሐሙስ ለሁሉም ጻፍኩ። ለሊሴ ዓርብ ማታ ተረኛ እንደሆነች አውቅ ስለነበር ለእሷ ለብቻዋ ጨመርኩላት፤ «ቅዳሜ እንጭኒ። ከጎጆ የምትመጪ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ጊንጪ እንይዝሻለን። ትመጫለሽ?» ዓርብ ጠዋት መለሰች። ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ሂን ዱፋ።»

አሁን እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በእኛ በኩል ባለው ኦሮምኛ «ሂን ዱፋ» ማለት እመጣለሁ ማለት ነው። «ሂን ዱፉ» ካለች ግን አልመጣም ማለት ነው። «ሂን» ለሁለቱም አለች፤ ስንናገር ድምፃችን ይለያታል፣ ስንጽፍ የመጨረሻዋ ፊደል ትለያታለች። አምቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን አይስተውም። ኦቦ ጀማል ግን የአርሲ ሰው ናቸው፤ አምቦ ከመጡ ገና ስምንት ወራቸው ነበር። በእሳቸው አገር እመጣለሁ የሚል ሰው «ኒን ዱፋ» ነው የሚለው። «ሂን» ካሉ አለቀ፤ አይሆንም ማለት ነው። ይህን አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። ከመጡ ጊዜ ጀምሮ በዚሁ ነገር ስንት ቀን ስቀንባቸዋል፤ የቡድኑ ልጆች «ሂን ኛዳ፣ እበላለሁ» እያሉ ሲያደናግሯቸው፣ ጆሯቸው ሊለምደው አልቻለም።

መልእክቷን ሳነብ እመጣለሁ ብላ አነበብኳት። አንድ ሰከንድ እንኳ አልተጠራጠርኩም። ትመጣለች፣ እኔ ወንበር ላይ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጀማል የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። የሌሎቹን ስም በቃሌ ነገርኳቸው። «ለሊሴስ?» አሉ። አልመለስኩም። ስልኬን ዘረጋሁላቸው። ያ ነው ያደረግሁት፤ ስልኬን ዘረጋሁላቸው። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አነበቡ፣ «ሂን…» አሉ፣ ፊታቸው ወደቀ። «ምን ሆና ነው በዚህ ቀን የምትቀር?» ትከሻዬን ነቀነቅሁ። «እንግዲያው አንቺ ትጀምሪያለሽ» አሉ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ያን ጊዜ አልዋሸሁም። ብዙ ሌሊት ይህን ለራሴ ደግሜዋለሁ፤ አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ አልወጣችም፣ የራሷን መልእክት ነው ያሳየሁት፣ ሰውየው ቋንቋ ካልቻሉ እኔ ምን ላድርግ። ትሰማላችሁ እንዴት እንደሚያምር? የተማረ ጠበቃ ቢቆምልኝ ከዚህ የተሻለ አይናገርም። ዝም ማለት ግን ቃል ነው። እኔ ያን ቀን በዝምታዬ «አትመጣም» ብያለሁ፣ በደንብ አድርጌ ብያለሁ።

ደግሞ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በኮንትራት ሚኒባስ ከአምቦ ተነሳን። እኔ ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። ኦቦ ጀማል ከኋላ ፎጣ ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተኝተዋል፤ ሴቶቹ ይዘምራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ በትንፋሻቸው መስኮቱ ሁሉ ጉም ለብሷል። ወደ ውጭ የሚታየው በፊት መስታወት ብቻ ነበር። አንድ ሰዓት ሲሆን ጊንጪ ገባን። ወደ ጎጆ የሚታጠፈው መንገድ ጥግ ላይ አንዲት ሴት ጋቢ ተከናንባ ቆማለች፤ ከጋቢው ሥር የነርስ ነጭ ልብስ ይታያል፣ እጇ ላይ የስፖርት ቦርሳ። ሌሊቱን ሙሉ ሠርታ፣ ገና ሳይነጋ ድንች ጭኖ በሚወርድ መኪና ላይ ተሳፍራ ነው የመጣችው። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። ያኔ ያየሁት እጇን ስታነሳ ነው።

ሾፌሩ ከጉደር ተከራይተን ያመጣነው ሰው ነው፤ ማንንም አያውቅም። ፍጥነቱን ቀነስ አደረገና «ያቺ ሴት እጇን እያነሳች ነው፤ የእናንተ ናት?» አለኝ።

«አይደለችም» አልኩት። «ንዳ።»

ነዳ። አጠገቧ ስናልፍ ፊቷን አየሁት። ፈገግ ብላ ነበር፤ የሚቆምላት መስሏት አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጥታለች። ወዲያው ስልኬ ጠራ። ለሊሴ ይላል። እስኪጨርስ ጠበቅሁ። ሁለተኛ ጠራ። አጠፋሁት። የእሷ ስልክ ላይ ያለው የቡድኑ ቁጥር የእኔ ብቻ ነበር፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ዝምታ በሉት፣ ተንኮል በሉት፣ የፈለጋችሁትን በሉት። ይህችን ሁለተኛዋን ግን ምን ትሏታላችሁ? እኔ ስም አጥቼላታለሁ። «አይደለችም» አልኩ። ከእኛ አይደለችም አልኩ። ሰው በልጇ ናፍቆት መንገድ ዳር ቆማ ሳለ፣ በሞቀ መኪና ውስጥ ተቀምጬ አላውቃትም አልኩ።

እንጭኒ ላይ ተጫወትኩ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ «እጄ እየተንቀጠቀጠ ኳሱን ሁሉ አበላሸሁ፣ እግዚአብሔር ቀጣኝ» እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። አላበላሸሁም! በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ኳሱ ጣቴ ላይ ድምፅ አልነበረውም። ሦስቱንም ዙር አሸነፍን፤ መራጮቹ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠይቀው ጻፉ። ደስ አለኝ። በጣም ደስ አለኝ። ያንን ደስታ መልሺ ብትሉኝ አልመልስም፤ ማንም ከውስጤ ሊያወጣው አይችልም። ጨዋታው የእኔ ነበር። ቦታው ግን የተሰረቀ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን በአንዱ እንድሸፍን አትጠይቁኝ።

ፎቶ ልንነሳ ስንሰለፍ ለሊሴ ደረሰች። ከጊንጪ ሆለታ፣ ከሆለታ እንጭኒ መኪና እየቀያየረች ነው የመጣችው። ጋቢዋ አቧራ ለብሷል። ሮጣ መጥታ መሃላችን ቆመች፤ መረቡ ሲወርድ አየች። ኦቦ ጀማል ተቆጡ፤ «አልመጣም ብለሽ ጽፈሽ የለም እንዴ?» «ኧረ እመጣለሁ ነው ያልኩት!» ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው። «ይኸው፣ ሂን ዱፋ።» «ሂንማ አልመጣም ነው!» «እኛ ጋ እመጣለሁ ነው!» አንዷ መቺያችን፣ ከሼነን የምትመጣው አስተማሪ፣ መጀመሪያ ገባትና ሳቀች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ኦቦ ጀማል ራሳቸውን ይዘው፣ «ያ አላህ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» እያሉ፣ እየሳቁ ሊያለቅሱ ደረሱ። መራጮቹን ለመኗቸው። «አቀባይ ይዘናል» አሉ ሰዎቹ፣ ወደ እኔ እያዩ።

ለሊሴ ወደ እኔ መጣች። ጊንጪ ላይ አይታኝ አለፈች ብላ እንድትጮህ ጠበቅሁ። የጠዋት ፀሐይ ስላረፈበት መስታወቱ ከውጭ አያሳይም ነበር፤ «እጄን ያነሳሁለት መኪና ሌላ ነበር መሰለኝ» አለች። እጄን ያዘችና «ዲፋማ አስቴር ኮ» አለችኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። «አንቺን አስቸገርኩሽ። በአማርኛ ስትጠይቂኝ በአማርኛ አዎ ብል ምን ነበረበት? ጥፋቱ የኔ ነው።»

እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔም፣ ስሙ፣ «ግድ የለም» አልኳት።

የሼነኗ አስተማሪ ተመረጠች፤ ወር ሳይሞላ የዝውውር ደብዳቤዋ ወጥቶ አምቦ ገባች። እኔ ተመረጥኩ፤ ዝውውር እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ቱታ ሰጡኝ፣ ሁለት ከተማ ሄጄ ተጫውቼ ተመለስኩ። ለሊሴ ጎጆ ሦስት ዓመት ቆየች። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ ታስገባ ነበር፤ ማመልከቻዋ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። ሦስት ዓመት፣ ሦስት ማመልከቻ፣ ሦስቱንም በእጄ መዝግቤ ማኅተም መትቻለሁ። «ሕፃን ልጄን ለማሳደግ» ይላል ሦስቱም። ሦስተኛውን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አድርጌ ለኃላፊው አስገባሁት። ንስሐዬ እንግዲህ ይኼ ነበር፤ አንድ ወረቀት ከላይ ማድረግ። በስተመጨረሻ ተዛወረች፤ ከላይ ስላደረግሁት አይደለም፣ ተራዋ ደርሶ ነው። አምቦ ስትገባ ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። አያቷን «እማ» ትላለች፣ ለሊሴን በስሟ ትጠራታለች፤ ማታ አብራት እንድትተኛ ስትጠራት «እንግዳ ጋ አልተኛም» ብላ አለቀሰች። ይህን ራሷ ለሊሴ ነች ሜዳ ላይ የነገረችን።

አንዲት ነርስ ከልጇ ጋር ለመኖር ለምን ኳስ መጫወት አስፈለጋት ብዬ መጠየቅ ይቻለኛል። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን እዚህ ላይ ጥፋቴን ለሌላ ላካፍል ስል ራሴን ያዝኩት። ያንን ሥርዓት ያወጣ የራሱን ይናዘዝ፤ ይህ የእኔ ነው። ቅናት ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ሰው መሆን ነው ትሉኝ ይሆናል፤ ዘመኑ አስጨናቂ ነበር ትሉኝ ይሆናል። አልቀበልም። መጫወት ፈልጌ ነበር፤ በመፈለጌ አላፍርም። ሴት ልጅ በሠላሳ ሦስት ዓመቷ አንድ ነገር አጥብቃ ብትፈልግ ምን ነውር አለው? የፈለግሁትን ለመያዝ የሰው እናትነት ረገጥኩ፤ ነውሩ እሱ ነው፣ ለእሱ ደግሞ ምክንያት አላቀርብም።

ታዲያ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው ትናገሪ ዘንድ የተነሳሽው ትሉኛላችሁ። ልንገራችሁ። ቡድናችን አሁንም አለ። ለሊሴ አቀባይ ናት፤ እኔ ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፣ ግን ሰው የምሰበስበው አሁንም እኔ ነኝ፤ ዛሬ በቴሌግራም ሆኖ አውራ ጣት መላክ ብቻ ሆኗል። በእኛ ዘንድ ሳትነግር የቀረች ሴት «ሂን ዱፋ» ትባላለች፤ ቀልዱ እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል። ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ልጅ ለምን እንደዚያ እንደምንል ጠየቀች። ለሊሴ ራሷ አወራችላት። ጋቢዋን፣ ድንቹን፣ የኦቦ ጀማልን ጩኸት ሁሉ እያስመሰለች ተረከችው፤ ሴቶቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እኔም ሳቅሁ፤ ስንት ዓመት አብሬ ስቄበታለሁ። ሳቁ ሲበርድ ለሊሴ የራሷን እጅ አየችና፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሦስት ዓመት ከልጄ የለየኝ ይኼ እጅ ነው፤ ሁለት ቃል መጻፍ አቅቶት» አለች። እጇን ጭኗ ላይ መታ መታ አደረገችው። ቀስ ብላ ነው የመታችው፤ ግን መታችው።

ጥፋቴን አለመናገሬን እችለው ነበር። ስምንት ዓመት ችዬዋለሁ፤ ሌላ ስምንት ዓመትም አያቅተኝም ነበር፣ እንዲያ ነኝ። የእኔን ጥፋት እሷ ተሸክማው ራሷን ስትመታበት ማየት ግን አልቻልኩም።

ቅዳሜ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁሉም ባሉበት፣ እነግራታለሁ። ይቅርታ አልጠይቃትም። ትዕቢት አይደለም። ብጠይቃት ትሰጠኛለች፤ አውቃታለሁ፣ እያለቀሰች ትሰጠኛለች፣ ኋላም ሰጠኋት ብላ ትቸገርበታለች። እኔ ቀሎኝ እተኛለሁ፣ እሷ አሁንም አንድ ነገር አጥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከእሷ የወሰድኩት ይበቃል። ልትሰድበኝ፣ ልትተፋብኝ፣ ከቡድኑ አስወጡልኝ ልትል ሙሉ መብት አላት፤ ዝም ብዬ እቆማለሁ። የምላትም አጭር ነው። ለሊሴ፣ እጅሽ አልተሳሳተም። «እመጣለሁ» ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ እኔም «እመጣለሁ» ብዬ ነው ያነበብኩት። ጊንጪ ላይ ያለፈሽ መኪና የእኛ ነበር፤ ቆመሽ አይቼሻለሁ።